የሚጢ ፍሬቻ

ሰውየውን ሰፈሩ የሚያውቀው «ፍሬን» በሚል ስም ነው። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም እሱ ራሱ የሚያስታውሰው መታወቂያ ሲያሳድስ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖረ፤ ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠው ደግሞ መሪ በሌለበት በኩል፣ ከተማሪው ጎን ነው። በዚያ በኩል ለአስተማሪ ተብሎ የተገጠመ ፍሬን አለ። ተማሪ ሲደናገጥ፣ እግረኛ ሳያይ ሲቀር፣ ቀዩ መብራት አረንጓዴ መስሎ ሲታየው፣ የሰውየው ቀኝ እግር ባለቤቱን ሳያማክር ይረግጣል። ችግሩ፣ እግሩ ከመኪና ከወረደም በኋላ ሥራውን አለመተዉ ነው። ታክሲ ተሳፍሮ ይረግጣል። የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ ልጆች ሲሯሯጡ ካየ ይረግጣል። ሚስቱ «ኧረ ይሄ ሰውዬ በእንቅልፉም ይረግጠኛል!» ብላ ለጎረቤት ያወራች ቀን ስሙ ጸደቀ።

ሙያውን ይወድ ነበር፤ ከሙያው ይልቅ ግን የሰውን ነገር መመርመር ይወድ ነበር። ሌላ አስተማሪ ተማሪ ሲያጠፋ ይጮኻል። ፍሬን መኪናውን ጥግ ያስይዝና «ቆይ እስቲ፣ አሁን ለምን እንዲህ አደረግክ?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው «እኔ እንጃ» ይላል። «እኔ እንጃ» የሚባል መልስ ደግሞ ለፍሬን አይዋጥለትም። እንዲህ ሲፈለፍል ነው አንድ ነገር የደረሰበት፤ የጀማሪ እጅ የዓይኑ ሎሌ ነው። ጀማሪ የቀኙን ስፖኪዮ ሲያይ መኪናው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በግራ በኩል ቆንጆ ልጅ ካለፈች መኪናው አብሮ ሊሸኛት ይነሳል። ተማሪው መሪውን ማዞሩን እንኳ አያውቅም፤ ቢነግሩትም ይከራከራል። ስለዚህ ፍሬን በየቀኑ፣ ለየተማሪው የሚደጋግመው አንድ ቃል ነበረችው፤ «ዓይንህ ይሂድ፣ እጅህ ይቅር!»

ጡረታ ሲወጣ የሚመረምረው ነገር አጣ። ቤት ውስጥ የቀረችው መኪና የሚስቱ የስፌት መኪና ብቻ ነበረች፤ እሷም ፔዳል አላት፣ ፍሬን ግን የላትም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊት ለፊቱ ክፍል፣ ጠረጴዛው፣ የጨርቁ ክምርና በመርፌ የተወጋጋው አሮጌ ትራስ ሁሉ የእሷ ግዛት ነው። ፍሬን በርጩማ ስቦ ከጎኗ ይቀመጣል። ኮሌታ ስትሰፋ «ቀስ በዪ፣ ኩርባ ላይ ነሽ» ይላታል። ረጅም መጋረጃ ስትዘመዝም «አሁን ነዳጅ ስጪ» ይላታል። አንድ ቀን መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣ «ወይ ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይውጣ፣ ወይ አንድ ሰው ይምጣልኝ!» አለች። እንዳለችውም አንድ ሰው መጣ።

የመጣችው የልጃቸው ልጅ ናት። አንድያ ልጃቸው መምህርት ናት፤ ካገባች በኋላ ብዙ ዓመት ጠብቃ፣ ፅንስ እየጨነገፈባት ስታለቅስ ኖራ፣ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ነው ይህቺን ያገኘችው። ምጡም ቀላል አልነበረም። ሕፃኗ ወጥታ ቶሎ አላለቀሰችም፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ እስኪቀር ድረስ ዘግይታ ነው የጮኸችው። የልጃቸው ባል የመንገድ ቀያሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ሜዳ ላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት እናትና ልጅ ወደ አያቶች ቤት ገቡ። ስም እስኪወጣላት ድረስ «ሚጢ» አሏት፤ ስም ከወጣላትም በኋላ ሚጢ ሆና ቀረች።

ፍሬን ሚጢን መጀመሪያ ያያት ሆስፒታል ነው። ሌባ ጣቱን መዳፏ ላይ አሳረፈ። ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ሊያወጣው ሲሞክር የባሰ አጠበቀች። ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

«አወቀችኝ!» አለ።

«የብርድ ልብሱን ጫፍም ይዛለች» አለች ሚስቱ። «እሱንም አውቃው ነው?»

ፍሬን ዞር ብሎ ቢያይ እውነትም ሚጢ በሌላኛው እጇ የብርድ ልብሱን ጫፍ በዚያው ፍቅር አንቃ ይዛዋለች። ቅር አለው። ግን ከቅሬታው ይልቅ ጉጉቱ በለጠ። ጣቱን የያዘው ማነው? ሚጢ ናት ወይስ የሚጢ እጅ ብቻ ነው? ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ይሄንኑ ሲያብሰለስል ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጡረታ የሚባል ነገር አበቃ። ልጃቸው የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ትምህርት ቤቷ ስትመለስማ ጭራሽ ሚጢን ቀን ቀን የሚይዛት እሱ ሆነ። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ሆና በአንድ ዓይኗ ጨርቁን፣ በአንድ ዓይኗ እሱን ትጠብቃለች። እሱ ደግሞ ሚጢን እንደ አዲስ ሞዴል መኪና ሲመረምር ይውላል። ጉንጯን በጣቱ ነካ ሲያደርጋት አፏን ከፍታ ወደ ተነካው ጎን ትዞራለች፤ «አድራሻ ሳትጠይቅ ጡት ታገኛለች» ይላል። ውስጥ እግሯን ከተረከዟ ጀምሮ ወደ ላይ ሲያሻት ጣቶቿ እንደ ማራገቢያ ብትን ይላሉ። በር በኃይል ሲዘጋ ደግሞ ሁለት እጇን ወደ ጎን ወርውራ፣ ከገደል እንደምትወድቅ ሰው አየሩን ልታቅፍ ትሞክርና ታለቅሳለች።

«አየሽ፣ ፍሬን ረገጠች!» ይላል አያት።

«ምን ታድርግ፣ በዘሯ ነው» ትላለች ሴት አያት።

ከሁሉ የገረመው ግን፣ እናቷ ገና ፈቃድ ላይ ሳለች ያየው እርምጃዋ ነው። ገና ሳምንታት ያስቆጠረች፣ አንገቷን እንኳ ያልቻለች ልጅ፣ በብብቷ ይዞ እግሯን ጠረጴዛ ሲያስነካት አንዱን አንስታ ሌላውን ታስከትላለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኛዋ እንቁላል ግን ቀስ ማለት አላስፈለጋትም» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ አስጎበኘ። ብዙም ሳይቆይ እንቁላሏ አልሄድ አለች። ጠረጴዛ ላይ ቢያቆማት እግሯ ዝም፤ እንደገና ቢያቆማት ዝም። ፍሬን አንድ ነገር የሰበረ መሰለውና ለሚስቱም ሳይነግር ዋለ።

ለክትባት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ግን ከነርሷ ሊደብቅ አልቻለም። ነርሷ ለሕፃንም ለሽማግሌም በእኩል ድምፅ የምታወራ፣ ሳቂታ ሴት ናት።

«አባባ፣ አልጠፋባትም እኮ» አለችው። «ያኔም የምትራመደው እሷ አልነበረችም፤ በደመነፍስ ነው። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ነገር አለ። መጥባቱ፣ መጨበጡ፣ መበርገጉ፣ እንደ መራመድ የሚያደርጋት ነገር… አእምሮ ሥራውን እስኪረከብ ቤት የሚጠብቁ ናቸው ይበሏቸው። ሲረከብ አንድ በአንድ ይሰናበታሉ። ደግሞ እግሯም ወፍሮ ከብዷታል። ጊዜው ሲደርስ ፈልጋ ትራመዳለች።»

«ማለት ዘበኛው ካልወጣ ባለቤቱ አይገባም?»

«እንደዚያ ይበሉት» አለች ነርሷ እየሳቀች።

ፍሬን ይህቺን ነገር ወደዳት። ከዚያ ወዲህ ከሚጢ አንድ ነገር ሲጠፋ ማዘኑን ትቶ መሸኘት ጀመረ። በር ሲዘጋ መበርገጓን ስትቀንስ «አንዱ ዘበኛ ተሰናበተ» አለ። አንድ ቀን ጣቱን መዳፏ ላይ ቢያሳርፍ ሳትይዘው ቀረች፤ ያን ቀንስ ሆዱ ባባ። በሳምንቱ ግን ሚጢ የሸሚዙን ቁልፍ አተኩራ አይታ፣ አይታ፣ እጇን ልካ ያዘችው፤ እስኪበጠስም ጎተተችው። ሚስቱ ቁልፉን መልሳ ስትሰፋ «ይሄንን የያዘችው ራሷ ናት» እያለ ከአጠገቧ አልጠፋም።

አንዲት ነገር ግን ነበረች፣ ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት። ሚጢ በጀርባዋ ተኝታ አንገቷን ወደ ቀኝ ስታዞር ቀኝ እጇ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ግራ ክርኗ ታጥፎ እጇ ከጆሮዋ አጠገብ ይቀራል። ወደ ግራ ስትዞር ነገሩ ይገለበጣል። መብራቱ የተበላሸበት ሹፌር ሊታጠፍ ሲል በመስኮት እጁን አውጥቶ የሚያሳየው ምልክት አለ አይደል? ቁርጥ እሱ! ፍሬን መጀመሪያ ያየ ቀን በርጩማው ላይ ተንከትክቶ ሳቀ።

«ፍሬቻ! ሳትታጠፍ በፊት ፍሬቻ አሳየች! ስንቱን ጎረምሳ ስለፈልፍበት የኖርኩትን ነገር፣ እሷ ከሆድ ይዛው መጣች!»

ቤቱ ሁሉ ለመደው። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞች ሳይቀሩ «እስቲ ሚጢ፣ ፍሬቻ!» ይላሉ። አያት በቀኝ በኩል ጣቱን ያጮኻል፤ ሚጢ ትዞራለች፤ እጇ ይዘረጋል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሚጢም የሰዎቹን ሳቅ አይታ ድድዋን ታሳያለች። አባቷ ከሜዳ ሲደውል እንኳ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ፍሬቻዋ እንዴት ነው?» ብሎ ነው።

ሌሎቹ ዘበኞች በየተራ ሲሰናበቱ የግራው ፍሬቻ እየደከመ ሄደ። የቀኙ ግን አልሄደም፤ እንዲያውም በረታ። ፍሬን ይህንን አየ፤ አይቶም ደስ አለው። የነርሷን ቃል ረስቶት አይደለም፤ ለራሱ ሲያደላ ነው። ሁሉም ይሂድ፣ ይህቺ አንዲቷ ትቅርልኝ አለ። ዕድሜውን በሙሉ «ለምን» ሲል የኖረው ሰው፣ የወደደው ነገር ሲቆይለት «ለምን ቆየ» ብሎ አልጠየቀም። ማንስ ይጠይቃል?

ሚጢ ግማሽ ዓመት እንዳለፋት ለምርመራ ሄዱ። ዕለቱ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ስለነበር ልጃቸውም አብራ ነበረች። ያቺው ነርስ ሚጢን መዝና፣ ለክታ፣ አልጋው ላይ አስተኛቻትና «እሺ ሚጢ፣ ምን አዲስ ነገር ይዘሽልን መጣሽ?» አለች።

«ፍሬቻዋን አላየሽም እንዴ፣ ሲስተር?» አለ ፍሬን፤ አፉን ሞልቶ። በቀኝ በኩል ጣቱን አጮኸ። ሚጢ ዞረች። እጇ ቀጥ አለ።

ነርሷ መሳቅ ጀምራ ነበር። ሳቋ መሀል ላይ ቀረ።

«እስቲ ይድገሙት» አለች።

ደገመው። በዚህኛው ግን ደስ እያለው አልነበረም፤ የሰው ፊት ማንበብ የኖረበት ሥራው ነው። ነርሷ አንዲት ትንሽ የምትንቃጨል መጫወቻ አምጥታ በሚጢ ቀኝ እጅ አስያዘቻት። ሚጢ ዕቃዋን ታያለች፤ ወዳታለች፤ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። እጇ ግን እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ዕቃዋን አርቆ ይዟል። ፊቷን ወደ ግራ ስታዞር እጇ ይለቃትና ይታጠፋል፤ ያኔ ደግሞ ዕቃዋ ከዓይኗ ትጠፋባታለች። ስታያት አትደርስባትም፤ ስትደርስባት አታያትም። ፍሬን ስንት ቀን ከጎኗ ሲውል ይህንን ሳያይ መቅረቱ አሁን ገና ገባው።

«ከጀርባዋ ትገለበጣለች?» አለች ነርሷ።

«በግራ ትሞክራለች» አለች እናትየው። «በቀኝ… እጇ ይይዛታል።»

«ይሄ ነገር እስካሁን መሄድ ነበረበት» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «አትደንግጡ፤ ግን ፊዚዮቴራፒስት ይያት።»

አትደንግጡ ሲባል የማይደነግጥ ሰው ካለ ፍሬን እሱ አይደለም። ወደ ቤት ሲመለሱ የተሳፈሩበት ታክሲ ሹፌር እንደ እብድ ሲነዳ የፍሬን እግር እንኳ ንቅንቅ አላለም። ሴት ልጁ ሚጢን ደረቷ ላይ ለጥፋ በመስኮት ታያለች። ቤታቸው አጠገብ ሲደርሱ፣ «አባዬ፣ አንተ በየቀኑ ስታስደርጋት…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሳትጨርሰው መተዋ ከመጨረሷ ባሰበት።

የፊዚዮቴራፒው ክፍል ወለሉ በሙሉ ፍራሽ ነው፤ አንደኛው ግድግዳ መስታወት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰው የሚያህል ኳስ። ባለሙያዋ ክንደ ደንዳና ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ቀጭን ነው። ሚጢን በጀርባዋ አስተኝታ ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ አዞረችው። እጅየው እንደልማዱ ተዘረጋ። ከዚያ ባለሙያዋ ምንም አላደረገችም። ጠበቀች። ሚጢ አቃሰተች፤ ፊቷ ቀላ፤ እግሯን አንፈራገጠች። ባለሙያዋ አሁንም ጠበቀች። ፍሬን ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ በዓይኗ ቆም አደረገችው። በስንት ትግል የሚጢ ክርን ተንቀጠቀጠ፤ ትንሽ፣ ትንሽ፣ ከዚያ ታጠፈ።

«ወጣች» አለች ባለሙያዋ፤ የያዘችውን ትንፋሽ ለቃ። «በራሷ ወጣች። ጭራሽ ተቆልፋ ብትቀር ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር።»

«ታዲያ ምንድነው?» አለች እናትየው።

«ዛሬ አላውቅም። ዛሬ አውቃለሁ የሚልሽንም አትመኚው። ስትወለድ ትንፋሽ ዘግይቶባታል ብላችኋል፤ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር አእምሮ ላይ ምልክት ይተዋል። አንዳንዴ ደግሞ ልጅ በራሱ ምክንያት ይዘገያል። ሁለቱም ዛሬ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያቸው ጊዜ ነው። ይሄ ነገር ካልለቀቃት ማየትና መያዝ አብረው አይሆኑላትም። መገልበጡ፣ መቀመጡ፣ መዳሁ፣ ሁሉም በእሱ ይያዛል። ከለቀቃት ግን መንገዱ ይከፈታል።»

እናትየው አንገቷን ደፋች። ከዚያ ፍሬን የፈራው ጥያቄ መጣ።

«በየቀኑ እያስደረግን እንስቅ ነበር። በሱ ይሆን ሳይለቃት የቀረው?»

«በፍጹም» አለች ባለሙያዋ። «ጨዋታ አያመጣውም፣ ጨዋታም አያስቀረውም። ስትስቁላት አይታ ስቃለች፤ እሱ ጥሩ ነገር ነው።»

ፍሬን ፊቱን ወደ መስታወቱ ቢያዞር ራሱን አየ፤ ሲያለቅስ። እንባውን ለመሸሽ ያህል ስለ ተማሪዎቹ ማውራት ጀመረ፤ ስፖኪዮ ሲያዩ መሪ ስለሚጎትቱት።

«እንዴት ነበር የሚያስተዉዋቸው?» አለች ባለሙያዋ፤ ከልቧ ለማወቅ ፈልጋ።

«እለፈልፋለሁ። ዓይንህ ይሂድ፣ እጅህ ይቅር እላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ልፍለፋዬ አይደለም የሚያስተዋቸው። ጭር ያለ መንገድ እፈልግላቸዋለሁ፤ ደጋግመው ይነዳሉ፤ አንድ ቀን ይለቃቸዋል። እነሱም መቼ እንደለቀቃቸው አያውቁም።»

«ይሄንንም እንደዚያ እናድርገው እንግዲህ። አይጎትቷት፤ መንገዱን ያመቻቹላት። በጎኗ ያስተኟት፣ ሁለት እጇ ፊቷ መሀል ላይ ይገናኝ፤ በሆዷ ትዋል፤ የምትወደውን ነገር በጎን ሳይሆን በመሀል ያሳዩአት። ከዚያ መፈለግ የሷ ፋንታ ነው። እጇን በግድ ማጠፍማ እኔም እችላለሁ።»

ቤቱ መልኩን ለወጠ። ሴት አያት ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጠንካራ ጥቅል ሰፍታ ከሚጢ ጀርባ አደረገችላት፤ በጎኗ ስትተኛ እንዳትገለበጥ። የሚጢ ሁለት እጆች ደረቷ ላይ ተገናኙ፤ ሚጢም እንግዳ እንዳገኘ ሰው በአንዱ እጇ ሌላውን እያገላበጠች ትመረምራለች። «ፍሬቻ» የሚለው ቃል ከቤቱ ተባረረ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ደንበኛ ምንም ሳያውቅ «እስቲ ሚጢ፣ ፍሬቻ!» ቢል ሴት አያት ከመኪናዋ ቀና ሳትል «ተቃጥሏል!» ብላ አፉን አስያዘችው።

ከሁሉ የተለወጠው ግን ፍሬን ነው። ጠዋት ሚጢን ሲቀበል ፊቷን ከማየቱ በፊት ቀኝ እጇን ያያል። ስትዞር ያያል፤ ስትጠባ ያያል፤ ስትተኛ ያያል። ድሮ ሚጢ አንድ ነገር ስታደርግ «ለምን ይሆን?» ብሎ በደስታ ይነሳ የነበረው ሰው፣ አሁን «አሁንም አለ? አሁንም አለ?» ብቻ ሆነ። ፍርሃት የገባበት ቤት ጉጉት ሻንጣውን ይዞ ይወጣል።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ አንድ ከሰዓት። «ልጅቷ እኮ ትስቅልሃለች።»

«እ?»

«ትስቅልሃለች እላለሁ! ከመቼ ጀምሮ ነው የምትስቅልህ፤ አንተ እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ትጠብቃለህ። ፊቷን እያት እንጂ! እጇ ብቻውን አይደለም የተወለደው።»

ፍሬን ቀና ብሎ ቢያይ እውነትም ሚጢ ቅንድቧን ሰቅላ፣ አፏን ከፍታ፣ አንድ ነገር እንዲላት ትጠብቃለች። አፈረ። ሳቀላት። ሚጢ በሆዷ እንደተኛች እግሯን እያማታች በደስታ ጮኸች። ስንት ቀን እንዲህ ስትጠብቀው እንደነበር ሲያስበው ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ግን ጉጉቱም ተመልሶ መጣና ከፍርሃቱ ጎን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ፍሬን እንደገና መመርመር ጀመረ። ሚጢ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስትሆን እጇ እንደሚለሰልስ ደረሰበት። እንቅልፏ ሲመጣም ይለሰልሳል። ስትናደድ ወይም አንድ ነገር አጥብቃ ስትፈልግ ግን ቀጥ ይላል። «ለምንድነው በጣም ስትፈልገው የሚብስባት?» ብሎ ባለሙያዋን በሁለተኛው ቀጠሮ ጠየቃት። «እርስዎስ ተማሪ ሲደነግጥ መሪ አያንቅም?» አለችው። ያንቃል እንጂ፤ እንዴት አያንቅም! ስለዚህ ሚጢን ከማስቸኮል ማሳቅ ይሻላል ብሎ ቆረጠ። በጠረጴዛው ሥር እየተደበቀ ብቅ ሲል፣ የስፌት ክር መጠምጠሚያ በአፍንጫው ላይ ሊያቆም ሲታገል፣ የሚጢ ሁለት እጅ አንዳንዴ ሳይታሰብ መሀል ላይ ይገናኛል። አንዳንዴ። በማግስቱ ደግሞ ቀኙ ተመልሶ እንደ ዱላ ይሆናል። አባትየው ሲደውል «ዛሬስ?» ይላል። «ዛሬ እንደ ትናንት ነው» ይሉታል።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሲቃረብ ቤቱ ውስጥ ስለ ቀጠሮው የሚያወራ ሰው ጠፋ። ባለሙያዋ «በሚቀጥለው ብዙ ነገር ይለይልናል» ብላቸው ነበር፤ ሁሉም ቃሏን ይዞ ለየብቻው ይጨነቃል። በዚያ ላይ ሚጢ ጉንፋን ያዛት።

ሴት አያት መጋረጃ ትዘመዝማለች፤ እናትየው ጓዳ ውስጥ የሚጢን ልብስ ታጥባለች። ፍሬን ሚጢን ጭኑ ላይ በጀርባዋ አስተኝቷታል። ንፍጧ ወርዶ ከንፈሯ ጋ ደርሷል። ለስላሳ ጨርቅ አንስቶ ሊጠርግላት ጎንበስ አለ። አፍንጫው ሲጠረግ ደስ የሚለው ሕፃን ገና አልተወለደም። ሚጢ ጨርቁ ሲመጣ አየችው፤ ፊቷን ክፉኛ አኮማትራ አንገቷን ወደ ቀኝ ነጠቀች።

ቀኝ እጇ መዘርጋት ጀመረ። ፍሬን አየው።

የሚጢ እጅ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አየር ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ክርኗ ታጠፈ፤ ፊቷ ገና ወደ ቀኝ እንደዞረ፣ እጇ በደረቷ ላይ ተሻግሮ መጣና የአያቷን እጅ ገፋው።

ፍሬን አጋጣሚ ይሆናል አለ በልቡ። ጨርቁን መልሶ አስጠጋ። ሚጢ ፊቷን ሳትመልስ በዚያው በቀኝ እጇ ገፋችው፤ አሁን በኃይል፤ ጩኸትም ጨመረችበት።

«ምን አደረግካት?» አለች ሴት አያት መኪናዋን አቁማ።

«ዝም በዪ!» አለ ፍሬን። «ዝም ብለሽ ነይ! ልጄ፣ አንቺም ነይ፣ ቶሎ!»

እናትየው አረፋ በእጇ እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። የመጣባት የከፋው ነገር ነበር፤ ፊቷ ያስታውቃል። ፍሬን ምንም አልነገራትም። ጨርቁን ወደ ሚጢ አፍንጫ አስጠጋ። ሚጢ ወደ ቀኝ ዞረች፤ እጇ ተመልሶ መጣ፤ ገፋ። ትንሽ መዳፏ የአያቷ አንጓ ላይ ተለጥፋ ቀረች፤ «ሂድልኝ» ብላ።

«አያችሁ?» አለ ፍሬን። «እምቢ አለችኝ። ልጄ፣ አየሻት? እምቢ አለችኝ እኮ!»

እናትየው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በአረፋ እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ ስታለቅስ ትስቃለች፤ ስትስቅ ታለቅሳለች። በቀጠሮው ቀን ምን እንደሚሏቸው አያውቁም፤ ነገ እጇ ተመልሶ ቀጥ ይል እንደሆነም አያውቁም። ዛሬ ግን ሚጢ አልፈልግም ብላለች፤ ያለችውም በዚያው በቀኝ እጇ ነው። ፍሬን እንባው በጉንጩ እየወረደ ለማረጋገጥ ያህል ጨርቁን አንድ ጊዜ ደግሞ አነሳ።

ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ተው» አለች። «አይጠረግ። እምቢ ካለች እምቢ ነው።»

ሚጢም ንፍጧ እንደወረደ፣ ሦስቱንም በቁጣ እያየች ቀረች።